ማርያም ማረቻት፤ ልጁንስ ማን ይማረው?

ችኩል ሰው ስናይ «የሰባት ወር ልጅ ነህ እንዴ?» ብለን እንቀልዳለን። ወረፋ የማይችለው፣ ወጥ ሳይበስል ድስት የሚከፍተው፣ ታክሲ ሳይቆም ዘሎ የሚወርደው ሁሉ የሰባት ወር ልጅ ነው። ቀልዱ አይከፋም። ግን ስንቀልድ የሰባት ወር ልጅ እንዲሁ ተወልዶ፣ አድጎ፣ ታክሲ ላይ የሚጠብቀን ይመስለናል። እውነተኛው የሰባት ወር ልጅ ታክሲው ጋ ከመድረሱ በፊት የሚሻገረው አንድ ወር አለ። ብዙዎች አይሻገሩትም። የዛሬው ወጋችን ስለዚያ አንድ ወር ነው።

ሌላም አባባል አለን። «የሰባት ወር ልጅ ይድናል፤ የስምንት ወር ግን አይተርፍም» ሲባል ያልሰማ ካለ እጁን ያውጣ። ውሸት ነው። ሳንባ በማሕፀን ውስጥ በየሳምንቱ ይበስላል፤ በስምንት ወር የተወለደ ልጅ በሰባት ወር ከተወለደው የበለጠ የመትረፍ ዕድል አለው። አባባሉ ግን ሥራውን ይሠራል፤ የስምንት ወር ልጅ የሞተባትን እናት «ድሮም አይተርፍም ነበር» ብሎ ያጽናናል፤ ጥያቄውንም አብሮ ይቀብራል።

እስቲ ሌላ የምንለውን ደግሞ እንመልከት። ሴት ስትወልድ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» እንላለን። ቆንጆ ቃል ነው። ወሊድ እናትን የሚነጥቅ ነገር መሆኑን ያወቀ ሕዝብ የፈጠረው ነው። ለልጁ ግን እንዲህ ያለ ቃል የለንም። በተወለደ በሦስተኛው ቀን ቢሞት ድንኳን አይተከልለትም፣ ዕድር አይጠራለትም። «ልጅ ነው፣ ይተካል»፣ «ዋናው አንቺ መትረፍሽ ነው» ይባልና ጉዳዩ ይዘጋል። ይህ ጭካኔ አይደለም። ብዙ ሕፃን ሲቀብር የኖረ ማኅበረሰብ ልቡን ከመሰበር የሚጠብቅበት ዘዴ ነው። ችግሩ ዘዴው ዛሬም መሥራቱ ነው። የማይለቀስለት ሞት አይቆጠርም፤ የማይቆጠር ሞት ደግሞ ማንንም አያስጠይቅም።

የምንለው ባጭሩ ይሄ ነው። በሆስፒታሎቻችን ውስጥ ኪሎው ያልሞላ ሕፃን የሚሞተው ትንሽ ስለሆነ ብቻ አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ የሚሞተው መከላከያቸውን በምናውቃቸው ነገሮች ነው። ከመከላከያዎቹም ትልቁ በውጭ ምንዛሪ የሚገዛ አይደለም። የገዛ እናቱ ገላ ነው። ያ ገላ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከበሩ ውጭ ቆሞ የመጠየቂያ ሰዓት ይጠብቃል።

ሚዛን የማያውቃቸው

ከሁለት ኪሎ ተኩል በታች የተወለደ ሕፃን «ዝቅተኛ የልደት ክብደት» ያለው ይባላል። ከአንድ ኪሎ ተኩል በታች ከሆነ አደጋው በብዙ ይጨምራል፤ ከአንድ ኪሎ በታች ከሆነማ እያንዳንዷ ሰዓት ትግል ናት። ሕፃን በሁለት መንገድ ያንሳል። አንዱ 37 ሳምንት ሳይሞላው ቀድሞ ሲመጣ ነው። ሌላው ቀኑን ጠብቆ ግን ሳያድግ ሲወለድ ነው፤ እናቱ በቂ ምግብ ካላገኘች፣ የደም ግፊት ካለባት፣ ወባ ከያዛት፣ መንታ ካረገዘች፣ ገና ራሷ ልጅ ሆና ካረገዘች ወይም በላይ በላይ ከወለደች ይህ ይመጣል። አንዳንዱ ሁለቱንም ይዞ ይወለዳል። እ.ኤ.አ. በ2020 በዓለም ላይ ኪሎአቸው ሳይሞላ የተወለዱት ሕፃናት 19.8 ሚሊዮን ያህል እንደሆኑ ይገመታል፤ ከሰባት አንዱ ማለት ነው።

እኛ ጋስ? እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚገርመው። እ.ኤ.አ. በ2016 በወጣው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት፣ ሲወለዱ ስንት ኪሎ እንደነበሩ የታወቀው ከመቶ ሕፃናት 14 ያህሉ ብቻ ናቸው። ከእነዚህም ውስጥ 13 በመቶው ከሁለት ኪሎ ተኩል በታች ነበሩ። የቀሩትስ? አይታወቅም። ሽንኩርት ስንገዛ ሚዛኑ እንዳይሰረቅብን ዓይናችንን የማንነቅል ሰዎች፣ የሰው ልጅ ያለ ሚዛን ሲመጣና ያለ ሚዛን ሲሄድ አይከነክነንም።

ከተማ ላይ በርግጥ ይሻላል። እንዲያውም ኪሎ ጉራ ሆኗል። «ስንት ኪሎ ተወለደ?» «ሦስት ተኩል!» «ውይ፣ ጎረምሳ ነው!» ልጁ አንድ ኪሎ ከስድስት መቶ ሲሆን ግን ጠያቂውም መላሹም ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። «ማሞቂያ ገብቷል» ይባላል። ከዚያ በኋላ የሚጠይቅ የለም።

በሕፃናት ጤና አገራችን ያሳየችው ለውጥ የሚካድ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2000 ከአንድ ሺህ ሕፃናት 166ቱ አምስተኛ ዓመታቸውን ሳያዩ ይሞቱ ነበር፤ በ2016 ቁጥሩ ወደ 67 ወርዷል። ክትባቱ፣ አጎበሩ፣ ቤት ለቤት የምትዞረዋ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ሁሉም ምስጋና ይገባቸዋል። ግን ወደ ውስጥ ገብተን እንይ። በመጀመሪያዎቹ 28 ቀናት የሚሞቱት በዚያው ጊዜ ከ49 ወደ 29 ነው የወረዱት። በ2000 ከሚሞቱ አሥር ሕፃናት ሦስቱ ጨቅላዎች ነበሩ፤ በ2016 ከአራት በላይ ሆኑ። ትልልቆቹን አዳንን፤ ትንንሾቹ ወደ ኋላ ቀሩ።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። ኩፍኝን በመርፌ፣ ወባን በአጎበር መመከት ይቻላል። ኪሎው ያልሞላ ሕፃን የሚፈልገው ሌላ ነገር ነው፤ ሌሊቱን ሙሉ ነቅቶ የሚያየው ሰው።

ለዚህ ሰው ማዘጋጀት ደግሞ ቃል የገባነው ጉዳይ ነው። ለዓመታት «ቤት አትውለዱ፣ ጤና ተቋም ውለዱ» አልን። በሬዲዮ አልን፣ በቴሌቪዥን አልን፣ በየቀበሌው ስብሰባ አልን። እናቶች ሰሙን። እ.ኤ.አ. በ2000 በጤና ተቋም የሚወልዱት ከመቶ አምስት ብቻ ነበሩ፤ በ2019 ወደ 48 ደረሱ። ጥሪውን ሰምታ የመጣችን እናት «ልጅሽ ስላነሰ ነው» ብሎ መሸኘት ጠርቶ በር እንደመዝጋት ነው።

አራቱ ጠላቶች

ከእ.ኤ.አ. 2016 እስከ 2018 ድረስ በአዲስ አበባ፣ በጎንደርና በጅማ በሚገኙ አምስት ትልልቅ ሆስፒታሎች ያለቀናቸው ስለሚወለዱ ሕፃናት ሰፊ ጥናት ተደርጎ ነበር፤ ውጤቱ በ2019 «ላንሴት ግሎባል ሄልዝ» በተባለው የሕክምና መጽሔት ወጥቷል። በጨቅላ ሕፃናት ጽኑ ሕሙማን ክፍል ከተኙት 3852 ሕፃናት ውስጥ 1109ኙ 28 ቀን ሳይሞላቸው ሞተዋል። ከአሥር ወደ ሦስት የሚጠጉ። ልብ በሉ፣ ይህ ገጠር ውስጥ ሐኪም ሳያያቸው የሞቱት ቁጥር አይደለም። በአገሪቱ ካሉት የተሻሉ በሚባሉት ሆስፒታሎች ተኝተው የሞቱት ነው።

ከሞቱት 45 በመቶውን የወሰደው የመተንፈስ ችግር ነው። ሳንባ ውስጥ ያሉት ጥቃቅን ከረጢቶች አየር ሲወጣ ተጣብቀው እንዳይቀሩ የሚያደርግ ቅባት መሰል ፈሳሽ አለ። ያለቀኑ የመጣ ሕፃን ሳንባው ይህን ገና አላዘጋጀም። እኛ ሳናስበው የምንስበውን ትንፋሽ እሱ በየጊዜው እንደ አዲስ ፊኛ ይነፋዋል። እስኪደክመው ድረስ።

ሁለተኛው ኢንፌክሽን ነው፤ 30 በመቶውን ወስዷል። ቆዳው ስስ፣ መከላከያው ገና ያልተገነባ ሕፃን፣ ብዙ እጅ በሚነካካው ክፍል ውስጥ ተኝቷል። ሆስፒታል ውስጥ የሚራቡ፣ ብዙ ዓይነት መድኃኒት የለመዱ ጀርሞች አሉ። ከአንዱ አልጋ ወደ ሌላው የሚሻገሩት ብዙ ጊዜ ባልታጠበ እጅ ነው። ክፍሉ ውስጥ ውኃ ከሌለ «እጅ ይታጠቡ» የሚለው ማስታወቂያ ጌጥ ነው። ሲወለዱ መታፈን ደግሞ 14 በመቶውን ወስዷል።

ሦስተኛው ጠላት ብርድ ነው። እንደ ዋና የሞት ምክንያት አልተመዘገበም፤ ነገር ግን ከሞቱት 69 በመቶው ላይ አስተዋጽኦ ያደረገ ሆኖ ተገኝቷል። አገሩ ሐሩር ነው ብላችሁ አትዘናጉ። አንድ ኪሎ ተኩል የሚመዝን ሕፃን ስብ የለውም፤ ቆዳው ወረቀት ነው፤ እርጥብ ሆኖ ነው የሚወለደው። ሙቀቱ ከ36.5 ዲግሪ በታች ከወረደ ያለችውን ጥቂት ስኳርና ኦክስጅን ለማሞቂያ ማቃጠል ይጀምራል። ለመተንፈስ የሚያስፈልገው ጉልበት ለሙቀት ይሄዳል።

አራተኛው ረሃብ ነው። መጥባት፣ መዋጥና መተንፈስን አቀናጅቶ መሥራት የሚችለው 34 ሳምንት አካባቢ ሲደርስ ነው። ከዚያ በፊት የእናቱ ወተት ታልቦ በቀጭን ቱቦ መግባት አለበት፤ በየሁለት በየሦስት ሰዓቱ፣ ሌሊትም ቀንም።

እነዚህ አራቱ ተለያይተው አይመጡም። የበረደው ሕፃን ትንፋሹ ይከብደዋል፤ የደከመው አይጠባም፤ ያልጠባው ስኳሩ ይወርዳል፤ የተዳከመውን ጀርም ያገኘዋል። ሰንሰለት ነው። ስለዚህም ነው ከአንድ ጤና ጣቢያ ተወልዶ፣ በነጠላ ተጠቅልሎ፣ በባጃጅ ወይም በታክሲ ወደ ሆስፒታል የተላከ ሕፃን እዚያው ከተወለደው የባሰ አደጋ ላይ የሚሆነው። መንገድ ላይ በርዶት ነው የሚደርሰው። ሐኪሙ ጋ ሲደርስ ሰንሰለቱ ተጀምሯል።

በእጅ የያዙት ወርቅ

እ.ኤ.አ. በ1978 በኮሎምቢያ ዋና ከተማ ቦጎታ፣ ኤድጋር ሬይ እና ኤክቶር ማርቲኔዝ የተባሉ ሁለት የሕፃናት ሐኪሞች የእኛን የሚመስል ችግር ነበረባቸው። የማሞቂያ ማሽኑ ጥቂት፣ ሕፃናቱ ብዙ፣ ኢንፌክሽኑ የበዛ። ሕፃኑን ከዳይፐርና ከኮፍያ በቀር ራቁቱን አድርገው በእናቱ ደረት ላይ፣ ገላ ለገላ፣ ቀጥ አድርገው አሰሩት። በካንጋሮ ስም ተጠራ፤ ልጇን በከረጢቷ ይዛ ስለምትዞር። የእናት ደረት ሙቀት ይሰጣል፤ ጡቱ እዚያው ነው፤ የእናቱ ትንፋሽና የልብ ምት የሕፃኑን ትንፋሽ ያረጋጋል፤ የሚያገኘውም ጀርም የሆስፒታሉ ሳይሆን የእናቱ ነው። ከአራቱ ጠላቶች ጋር በአንድ ጊዜ የሚገጥም ዘዴ ነው።

አሁን ደግሞ ወደ አገራችን። ብዙዎቻችን የማናውቀው ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. ከ2001 መጨረሻ እስከ 2002 ባሉት ወራት፣ የሕፃናት ሐኪሙ ቦጋለ ወርቁና ባልደረባቸው ይህንን እዚሁ አዲስ አበባ ሞከሩት። ያን ጊዜ በዓለም ላይ የነበረው ልማድ «መጀመሪያ ሕፃኑ ይረጋጋ፣ ከዚያ ለእናቱ ይሰጣል» የሚል ነበር። እነሱ ግን ከሁለት ኪሎ በታች የሆኑትን ሕፃናት ሳይረጋጉ፣ በተወለዱ በሰዓታት ውስጥ ከእናታቸው ገላ ጋር አገናኟቸው። በተለመደው መንገድ ከታከሙት ውስጥ 38 በመቶው ሲሞቱ፣ በእናታቸው ደረት ላይ ከነበሩት የሞቱት 22.5 በመቶ ነበሩ። ጥናቱ በ2005 ታትሟል።

ዓለም እዚህ መደምደሚያ ላይ የደረሰው መቼ ይመስላችኋል? በ2021። በዓለም ጤና ድርጅት አስተባባሪነት በጋና፣ በሕንድ፣ በማላዊ፣ በናይጄሪያና በታንዛኒያ ባሉ አምስት ሆስፒታሎች፣ ከአንድ ኪሎ እስከ አንድ ኪሎ ከስምንት መቶ ግራም በሚጠጉ 3211 ሕፃናት ላይ ተሞከረ። ወዲያውኑ ከእናታቸው ጋር ከተገናኙት እስከ 28 ቀን የሞቱት 12 በመቶ ነበሩ፤ እስኪረጋጉ ከተጠበቁት 15.7 በመቶ። ልዩነቱ ግልጽ ስለነበር ጥናቱ ከታቀደው ጊዜ ቀድሞ እንዲቆም ተደረገ። በ2022 ድርጅቱ መመሪያውን ቀየረ፤ ያለቀኑ ወይም ኪሎው ሳይሞላ የተወለደ ሕፃን ከተወለደበት ጊዜ ጀምሮ ከእናቱ ገላ ጋር ይሁን አለ።

አዲስ አበባ የተሞከረውን ዓለም ከአሥራ ዘጠኝ ዓመት በኋላ አረጋገጠው። በሌላ ነገር ቢሆን «እኛ ነን የጀመርነው» ብለን ቲሸርት እናሳትም ነበር። በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል የሚባለው ለዚህ ነው።

ጠያቂ፣ አስታማሚ፣ ታካሚ

የ2021 ጥናት ውስጥ ከቁጥሮቹ ይልቅ እኛን የያዘን ሌላ ነገር ነው። ሆስፒታሎቹ ጽኑ ሕሙማን ክፍሉን ራሱን ቀየሩት። ለእናቶች አልጋ አስገቡ። እናትና ልጅ አብረው ተኙ፤ ነርሷ ሁለቱንም አንድ ላይ አየች። በዚህ ክፍል አንድ ሕፃን በቀን 17 ሰዓት ያህል ገላ ለገላ ይቆይ ነበር። በሌላኛው ወገን አንድ ሰዓት ተኩል ብቻ። ሙሉ ልዩነቱ አልጋ ነው ማለት ይቻላል።

የእኛ ሆስፒታል ሦስት ዓይነት ሰው ያውቃል። ታካሚ አለ፤ ካርድ አለው። አስታማሚ አለ፤ ወረፋ ይይዛል፣ መድኃኒት ፍለጋ ይሮጣል። ጠያቂ አለ፤ ሰዓት አለው። ማሞቂያ የገባ ልጅ እናት የትኛዋ ናት? ራሷ አራስ ናት፤ ታካሚ ናት እንዳይባል ግን «አንቺ ደህና ነሽ» ተብላ ወጥታለች። አስታማሚ እንዳትባል አልጋው አጠገብ መቀመጫ የላትም። ስለዚህ ጠያቂ ሆነች።

የአንድ ወዳጃችን ባለቤት በ32 ሳምንቷ ወለደች። ስሙንም የወለደችበትን ቦታም አንጠራም። ልጁ አንድ ኪሎ ከአራት መቶ ነበር። በቀዶ ሕክምና የወለደችው እናት ታች ፎቅ፣ ልጇ ላይ ፎቅ። ሊፍቱ አይሠራም። በየሦስት ሰዓቱ ቁስሏን በእጇ ደግፋ ደረጃ እየወጣች ወተት አልባ ትሰጣለች፤ ከዚያ «ጠያቂ ውጪ!» ይባላል። «እናቱ ነኝ» ስትል «እናትም ብትሆን ሰዓት አለው» ተባለች። ከሆስፒታሉ ስትወጣ ማደሪያዋ ኮሪደር ላይ የተነጠፈች ፍራሽ ሆነች። ወዳጃችን «የከፋኝ ዘበኛው አይደለም፤ ትእዛዙን ነው የፈጸመው» ይላል። እኛም ዘበኛውን አንከስም። የምንከሰው ያንን ትእዛዝ የጻፈውን አስተሳሰብ ነው፤ እናት ክፍሉን የምታጨናንቅ እንጂ የምታክም አድርጎ የማያያትን።

ነርሶቹንም አንከስም። በአንድ ሌሊት ከአቅማቸው በላይ ሕፃናት ተሸክመው የሚያድሩ ሰዎች ናቸው። ግን ነገሩን ገልብጣችሁ እዩት። የአንዱ ቱቦ ሲያልቅ፣ የሌላው ከንፈር ሲጠቁር፣ የሦስተኛው ትንፋሽ ሲቆም አንዲት ነርስ በአንድ ጊዜ የት የት ትደርሳለች? እናቱ ደረት ላይ ያለ ሕፃን ትንፋሹ ቢቆም መጀመሪያ የምታውቀው እናቱ ናት። አሥር እናቶች ያሉበት ክፍል አሥር ተጨማሪ ጠባቂዎች አሉት። ደመወዝ አይጠይቁም። የሚጠይቁት አልጋ፣ ምግብ፣ ሽንት ቤትና ሰው መባልን ነው።

«የድሃ ዘዴ ነው»

እዚህ ላይ የሚነሳ ተቃውሞ አለ፤ ከወጣቱም ከሐኪሙም ሰምተነዋል። «ለሀብታም አገር ሕፃን ማሽን፣ ለእኛ ደረት?» የሚል። ቁጣው ይገባናል። ለድሃ ተብሎ የሚቀመም ነገር ሁሌም ያጠራጥራል።

መልሳችን ሁለት ነው። አንደኛ፣ ይህ ዘዴ ዛሬ ማሽን በሞላባቸው እንደ ስዊድን ባሉ አገሮችም ይሠራበታል። እናት ወይም አባት ልጃቸውን ከነቱቦው፣ ከነሽቦው ደረታቸው ላይ ይዘው ይውላሉ። ማሽን ስላጡ አይደለም፤ ለሕፃኑ ስለሚበጅ ነው። ሁለተኛ፣ ማሽኑም ቢሆን ያለ ሰው አይሠራም። መብራት ይፈልጋል፣ መለዋወጫ ይፈልጋል፣ በአግባቡ የሚያጸዳው ይፈልጋል። በርዳታ መጥቶ፣ ሪባን ተቆርጦለት፣ ፎቶ ተነስቶ፣ አንድ ክፍሉ ሲበላሽ መጋዘን የሚገባ መሣሪያ ያላየ አለ? መብራት ሲጠፋ የማይቀዘቅዝ ማሞቂያ አንድ ብቻ ነው።

እኛ ደግሞ ለዚህ ባዕድ አይደለንም። የአንቀልባ አገር ነን። አያቶቻችን ልጅ አዝለው እንጨት ለቅመዋል፣ ውኃ ቀድተዋል፣ ገበያ ውለዋል። ከጀርባ ወደ ደረት ማዞር ነው፤ ራሱን ቀና፣ አንገቱን ደገፍ አድርጎ።

ገላ የማይሠራው

ይህን ስንል ግን ውሸት እንዳንጨምር። የእናት ገላ ሁሉንም አያድንም። ሳንባው እምቢ ያለው ሕፃን ኦክስጅን ይፈልጋል፤ ከዚያ ካለፈ በአፍንጫው አየር እየገፋ ሳንባውን ክፍት የሚያደርገው ሲፓፕ ይፈልጋል። ኢንፌክሽን የያዘው በሰዓቱ የሚገባ ትክክለኛ መድኃኒት ይፈልጋል። «እቅፍ ይበቃል» ብሎ የኦክስጅኑን በጀት የሚቀንስ ኃላፊ ካለ ይህን ጽሑፍ ጠምዝዞታል። የምንለው እቅፉም ሲፓፑም ነው። በአንድ ክፍል፣ በአንድ አልጋ፣ በአንድ ጊዜ።

ከወሊድ በፊት የሚሠራም አለ። ምጧ ያለጊዜው ለመጣባት እናት የሚሰጥ ዴክሳሜታዞን የሚባል ርካሽ መርፌ የልጁን ሳንባ ያበስላል። እ.ኤ.አ. በ2020 በወጣ፣ በባንግላዴሽ፣ በሕንድ፣ በኬንያ፣ በናይጄሪያና በፓኪስታን በተደረገ ጥናት፣ መርፌውን ካገኙት እናቶች ሕፃናት 19.6 በመቶው፣ ካላገኙት ደግሞ 23.5 በመቶው ሞተዋል። ከመቶ ሕፃናት አራት ያህል ማትረፍ ማለት ነው። ግን መርፌው የሚጠቅመው እርግዝናው ስንት ሳምንት እንደሆነ ከታወቀ፣ እናቲቱም በሰዓቱ ከመጣች፣ ልጁንም ተቀብሎ የሚንከባከብ ቦታ ካለ ነው። ስለዚህ ክትትሉን በሰባተኛ ወሯ የምትጀምር እናት ዘግይታለች። እኛ ከተሜዎቹ «ገና ነው» እያልን የምናዘገየው ክትትል ለዚህ ነው የሚያስፈልገው።

ሕጉና ቤታችን

ሥራ ላይ ላለነው ደግሞ ሌላ ጥያቄ አለ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ለእናት ከወሊድ በፊት 30 ቀን፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ፈቃድ ይሰጣል። ለአባት ሦስት ቀን። ቀኑን ጠብቆ ለመጣ ልጅ ይህ መሻሻል ነበር። ሁለት ወር ቀድሞ ለመጣ ልጅስ? እናቱ የቅድመ ወሊድ ፈቃዷን ሳትጀምር ወልዳለች። ዘጠና ቀኑ መቁጠር የሚጀምረው ደረጃ ላይ ደረጃ ታች ስትል ነው። ልጁን ታቅፋ ቤት ስትገባ፣ ገና መወለጃው በነበረበት ቀን፣ አብዛኛው ፈቃዷ ተበልቷል። ለነዚህ እናቶች ልጁ ሆስፒታል የቆየበት ቀን ከፈቃዱ የማይቆጠርበት አንድ አንቀጽ ብንጠይቅ አልበዛም። አባትየውም በሦስት ቀን ምን ያደርጋል? ገላ ለገላ የእናት ብቻ ሥራ አይደለም። እናቲቱ በቀዶ ሕክምና ስትወልድ፣ ስትታመም፣ ወይ ሁለት ሰዓት መተኛት ስትፈልግ የአባት ደረትም ይሞቃል። የአያትም።

ለአባቶች ልዩ መልእክት አለን። ጃኬታችሁን ዘርግታችሁ፣ ሸሚዛችሁን ከፍታችሁ፣ አንድ ኪሎ ተኩል የሚሆን ሰው ደረታችሁ ላይ አስተኝታችሁ መቀመጥ ወንድነታችሁን አይቀንስም። ሰው ምን ይለኛል የሚል ካለ፣ ያ ሰው ከልጁ በላይ ይመዝናል ወይ ብሎ ራሱን ይጠይቅ።

ዘመድ አዝማዱም ሥራ አለው። አራስ ጥሪ እናውቅበታለን፤ ገንፎ እናገነፋለን፣ አጥሚት እናፈላለን፣ ቤቱን እንሞላለን። ልጁ ሆስፒታል ሲሆን ግን ሁላችንም «ሲወጣ እንመጣለን» ብለን እንጠፋለን፤ እናቲቱ ብቻዋን ኮሪደር ላይ ትቀራለች። ይገልበጥ። አጥሚቱ ወደ ሆስፒታል ይሂድ። የምትበላ እናት ወተት አላት፤ ያረፈች እናት ታቅፋ ትቆያለች። ልጁን ለመሳም ግን አትቸኩሉ፤ ጉንፋን የያዘው ጠያቂ ለሦስት ኪሎ ሕፃን ጠያቂ ነው፣ ለአንድ ኪሎ ተኩሉ ጀርም ተሸካሚ ነው።

ለሆስፒታል ኃላፊዎችና ለጤና ሚኒስቴር የምንለው ደግሞ አጭር ነው። አዲስ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ስትሠሩ ፕላኑ ላይ መጀመሪያ የእናት አልጋ ይሣል። በሩ ላይ የተለጠፈው የመጠየቂያ ሰዓት ለእናትና ለአባት አይሠራም ብላችሁ በትልቁ ጻፉ። እያንዳንዱ ሕፃን ሲገባ ክብደቱና ሙቀቱ ይመዝገብ፤ ሲሞትም በምን እንደሞተ ይጻፍ፤ በየወሩም ተሰብስባችሁ ተነጋገሩበት። እኛ ደግሞ እንጠይቃችኋለን። ያልጠየቅነው ያልተቆጠረ ስለነበር ነው።

አሁንም የሰባት ወር ልጅ ቀልዳችንን እንቀልድ፤ ማንም አልከለከለንም። ግን ቀጥሎ አንድ ወዳጃችሁ «ልጁ ማሞቂያ ገብቷል» ሲላችሁ ዝም ብላችሁ አትለፉ፤ ስለ ማሽኑም አትጠይቁ። «እናቱስ የት ናት?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ «በር ላይ» ከሆነ ማሞቂያው ውጭ ቆሟል ማለት ነው።

ቸር እንሰንብት።